በቤተሰብ ውስጥ የሚዞር ድንገተኛ ሞት

በዘር የሚወረስ የልብ ምት መዛባት የሚባለው የልብን ምት የሚመራው የኤሌክትሪክ ሥርዓት ከትውልድ ጀምሮ ችግር ሲኖርበት ነው። አንድ በሽታ ሳይሆን ተቀራራቢ የሆኑ በርካታ ሕመሞች የሚጠሩበት ስም ነው። ሕመሙ ያለበት ሰው ሠርቶ፣ ሮጦ፣ ወልዶ ከብዶ ሊኖር ይችላል። ደም ግፊቱ ደህና፣ ደረቱ ሲደመጥ ንጹሕ፣ ልቡ በአልትራሳውንድ ሲታይ ያማረ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን ሲሮጥ፣ ሲደነግጥ ወይም ተኝቶ ሳለ ልቡ በቅጽበት ሥርዓቱን ይስታል። ምቱ በራሱ ከተመለሰ ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ይነቃል። ካልተመለሰ ይሞታል። አስቀድሞ የታመመ ስለማይመስል በምዕራብ ሸዋ ጌዶም ይሁን በአምቦ፣ በጉደርም ይሁን በአዲስ አበባ፣ ለቅሶ ላይ የሚነገረው ያው ነው፤ ሳይታመም ሞተ፣ ምች መታው፣ ሰው በላው።

ድንገተኛ የልብ መቆም የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ከሚመጣው ሕመም ይለያል። የደም ሥር መዘጋት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው የገፋውን፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን፣ ሲጋራ የሚያጨሰውን ያጠቃል። ሕመምተኛው ደረቱን ይዞ ያልበዋል፣ ይናገራል፣ ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት ለመድረስም ፋታ ያገኛል። ልብ ሲቆም ግን ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በአንድ ጊዜ ይቋረጣል፤ ሰውየውም በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል። የተዘጋ የደም ሥርም ልብን ሊያቆም ይችላል፤ ከ35 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ዋናው ምክንያት እሱ ነው። ከዚያ ዕድሜ በታች በሚሞቱ ልጆችና ወጣቶች ላይ ግን በዘር የሚወረሱት የልብ ሕመሞች ትልቅ ቦታ ይይዛሉ።

ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። ትእዛዙ የሚነሣው በቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል ካሉ ጥቂት ሴሎች ሲሆን ከዚያ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይሰራጫል። እያንዳንዱ የልብ ሴል በሽፋኑ ላይ ጨዎች የሚገቡባቸውና የሚወጡባቸው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ሶዲየም ሲገባ ሴሉ ይነቃል፤ ካልሲየም ሲገባ ይኮማተራል፤ ፖታሲየም ሲወጣ ያርፋል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። ቀዳዳዎቹን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው፤ የፕሮቲኖቹ አሠራር ደግሞ ከአባትና ከእናት በሚወረሰው ዘረ መል ላይ ተጽፏል። በዚያ ጽሑፍ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ቀዳዳው በሰዓቱ ላይከፈት ወይም በሰዓቱ ላይዘጋ ይችላል። ለምሳሌ ፖታሲየም ቶሎ ካልወጣ ሴሉ ማረፍ ባለበት ጊዜ ገና አልተረጋጋም። በዚያች ሽራፊ ሴኮንድ ሌላ ትእዛዝ ከደረሰ የታችኞቹ የልብ ክፍሎች እጅግ ፈጥነው መምታት ይጀምራሉ። ይህ ወደ መንቀጥቀጥ ሲቀየር ጡንቻው ይርበተበታል እንጂ ደም አይረጭም።

ይህን ችግር ለማየት የመጀመሪያው መሣሪያ ኢሲጂ ነው። ደረት፣ እጅና እግር ላይ በሚለጠፉ ገመዶች የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚስለው ይህ ማሽን ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሳል፣ አያምም። ወረቀቱ በትናንሽ ካሬዎች የተሰመረ ነው። በተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ አንዲት ትንሽ ካሬ 40 ሺህኛ ሴኮንድን ትወክላለች። በእያንዳንዱ ምት ላይ የሚታዩት ከፍታና ዝቅታዎች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ እና ቲ በሚሉ ፊደሎች ይጠራሉ። ከኪው መነሻ እስከ ቲ ማብቂያ ያለው ርቀት፣ ማለትም የታችኞቹ ክፍሎች ነቅተው እስኪያርፉ የሚወስደው ጊዜ፣ ኪው-ቲ ይባላል። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ ይህ ርቀት በ10 ወይም 11 ትናንሽ ካሬዎች ውስጥ ካለቀ ደህና ነው፤ ያ ከ400 እስከ 440 ሺህኛ ሴኮንድ ማለት ነው። 12 ካሬ ከሞላ ጥርጣሬ ይነሣል። 12 ካሬ ተኩልን፣ ማለትም 500ን፣ ካለፈ አደጋው ጎልቷል። ምቱ ሲፈጥን ርቀቱ ስለሚያጥር እንግሊዛዊው ባዜት በ1920 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ) ባወጣው ቀመር ይስተካከላል። ማሽኑ ቁጥሩን ራሱ አስልቶ ከወረቀቱ አናት ላይ ያትማል፤ ነገር ግን የቲ ማዕበል ጠፍጣፋ ወይም ባለ ሁለት ጉብታ ሲሆን ማሽኑ ማብቂያውን ይስተዋል። ስለዚህ በሩጫ ወይም በድንጋጤ ራሱን የሳተ ልጅ ኢሲጂ ሲነሣ ሐኪሙ ማስመሪያውን አንሥቶ ካሬዎቹን በእጁ ቢቆጥር ይገባል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሳይንስ ወደዚህ ሕመም የደረሰው በቤተሰብ ታሪክ በኩል ነው። በ1856 ጀርመናዊው ሐኪም ማይስነር መስማት በተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ስለምትማር ልጃገረድ ጻፈ። ልጅቷ በትንሽ ጥፋት በመምህራኗ ፊት ስትጠራ በድንጋጤ ወድቃ ሞተች። ወላጆቿ ሲነገራቸው አልተገረሙም፤ ሌሎች ሁለት ልጆቻቸውም ከድንጋጤና ከብርቱ ቁጣ በኋላ እንዲሁ ወድቀው ቀርተዋልና። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ጄርቬል እና ላንግ-ኒልሰን የተባሉ የኖርዌይ ሐኪሞች ስድስት ልጆች ስላሉት ቤተሰብ ጻፉ። አራቱ መስማት የተሳናቸውና ደጋግመው ራሳቸውን የሚስቱ ሲሆኑ ሦስቱ በ4፣ በ5 እና በ9 ዓመታቸው በድንገት ሞቱ። በኢሲጂያቸው ላይ ኪው-ቲው እጅግ ረዝሞ ነበር። በ1963 ጣሊያናዊው ሮማኖ፣ በ1964 የአየርላንዱ ዋርድ መስማት በማይሳናቸው ሰዎች ላይ የሚገኘውንና ይበልጥ የተለመደውን ዓይነት ለየብቻቸው ገለጹ። የሕመሙ ዋና ዋና ዘረ መሎች በ1995 እና በ1996 ተለይተው ታወቁ። ረጅም ኪው-ቲ የሚባለው ይህ ሕመም ከ2,000 ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ እንደሚገኝ በጣሊያን አራስ ሕፃናት ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት አሳይቷል።

የረጅም ኪው-ቲ ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ ሦስቱ ግን የአብዛኛውን ታማሚ ድርሻ ይይዛሉ። የሦስቱም የአደጋ ጊዜ የተለያየ መሆኑ ቤተሰብ በቀላሉ ሊያስተውለው የሚችል ነገር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በእንቅስቃሴ ይነሣል፤ ከእንቅስቃሴም ይበልጥ በዋና። በአምቦ የፍል ውኃ መዋኛ፣ በጉደር ወንዝ ወይም በደንዲ ሐይቅ ዋና የሚችል ልጅ ያለ ምክንያት ሰጠመ ከተባለ፣ ውኃው ሳይሆን ልቡ አስቀድሞ ከድቶት ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። ሁለተኛው ዓይነት በድንገተኛ ድምፅ ይነሣል፤ የሚያስደነግጥ ጩኸት፣ ሌሊት የሚጮህ ስልክ፣ የማንቂያ ደወል። በዚህ ዓይነት የተያዙ ሴቶች ከወለዱ በኋላ ባሉት ዘጠኝ ወራት አደጋቸው ይጨምራል። ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ ተነሥታ የምትወድቅ አራስ ድካም ነው ወይም ጋኔን ለከፋት ተብላ ልትታለፍ የምትችለው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ዓይነት የሚገድለው በዕረፍትና በእንቅልፍ ሰዓት ነው።

ሌሎቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፔድሮ እና ጆሴፕ ብሩጋዳ የተባሉ ወንድማማች ሐኪሞች በ1992 የገለጹት ሕመም በስማቸው ብሩጋዳ ይባላል። ይበልጥ ጎልማሳ ወንዶችን ያጠቃል፤ ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል፤ ትኩሳት ያባብሰዋል። ስለዚህ የብሩጋዳ ታማሚ እንደ ባኮ ባለ ቆላማ አካባቢ ወባ ሲይዘው ትኩሳቱን ቶሎ ማብረድ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ከሁሉ አስቸጋሪው ደግሞ ፈረንሳዊው ኩሜል በ1978 በልጆች ላይ የገለጸው፣ በእንቅስቃሴና በብርቱ ስሜት ጊዜ ብቻ የሚነሣው የልብ ምት መፍጠን ነው። የእነዚህ ልጆች ኢሲጂ በዕረፍት ጊዜ ፍጹም ደህና ነው። ሕመሙ የሚታየው እየሮጡ ወይም ብስክሌት እየገፉ ሲመረመሩ ነው። ልጁ ኳስ ሲጫወት ይወድቃል፣ አልጋ ላይ ተኝቶ ሲመረመር ጤነኛ ይባላል፣ ተመልሶ ኳስ ሜዳ ይሄዳል።

ከኤሌክትሪኩ ችግር ጎን ሊነሣ የሚገባው የልብ ጡንቻ መወፈር ነው። ይህ የጡንቻ በሽታ ቢሆንም በዘር ይወረሳል፣ ምትንም ያዛባል። ከ500 ሰዎች በአንዱ ላይ ስለሚገኝ ከሌሎቹ ሁሉ የበዛ ነው። ጥቅሙ፣ እንዲህ ማለት ከተቻለ፣ በልብ አልትራሳውንድ መታየቱ ነው። የካሜሩኑ የእግር ኳስ አማካይ ማርክ ቪቪያን ፎዬ ጁን 26 ቀን 2003 በሊዮን ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወት በ28 ዓመቱ ሜዳ ላይ ወድቆ ሞቷል፤ ከሞቱ በኋላ የተነገረው ምክንያትም ይኸው ሕመም ነው።

ውርሱ እንዴት እንደሆነ መረዳት ለቤተሰብ ከማንኛውም ነገር በላይ ይጠቅማል። ከእነዚህ ሕመሞች አብዛኞቹ ከአንድ ወላጅ ብቻ በሚመጣ ስሕተት ይከሠታሉ። አባት ወይም እናት ካለባቸው እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። ያ ማለት ከአራት ልጆች ሁለቱን ብቻ ይይዛል ማለት አይደለም፤ አራቱም ሊወርሱ፣ አንዳቸውም ላይወርሱ ይችላሉ። ደግሞም የወረሰ ሁሉ አይታመምም። ስሕተቱን ይዞ 80 ዓመት የኖረ አያት፣ በ12 ዓመቱ የሞተ የልጅ ልጅ ሊኖረው ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ከ20 የሚበልጡ ረጅም ኪው-ቲ ያለባቸው ቤተሰቦች የትውልድ ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር በ1700 ገደማ ወደነበሩ ባልና ሚስት አድርሷል፤ አንዲት ስሕተት ሦስት መቶ ዓመት ስትዞር ኖራለች።

ጄርቬል እና ላንግ-ኒልሰን የጻፉለት ከመስማት መሳን ጋር የሚመጣው ዓይነት ግን ከሁለቱም ወላጆች መውረስን ይጠይቃል። ስለዚህ ይበልጥ የሚገኘው የቅርብ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ማኅበረሰብ ነው። በምዕራብ ሸዋም ሆነ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ዘመድን አለማግባት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም እውነተኛ መከላከያ ነው። ለቀሩት ግን አይጠቅምም፤ አንድ ወላጅ ብቻውን ይበቃቸዋልና። እንዲያም ሆኖ ከልደቱ ጀምሮ የማይሰማ ልጅ ሁሉ አንድ ጊዜ ኢሲጂ ቢነሣ፣ በተለይ ራሱን የሚስት ከሆነ፣ ብዙ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

ያ የሐረግ ቆጠራ ባህል ለሌላም ይረዳል። የልብ ስፔሻሊስት ታማሚን ሲቀበል የሚጠይቀው የሦስት ትውልድ ታሪክ ነው፤ ማን በወጣትነቱ ሞተ፣ እንዴት ሞተ፣ ማን ይወድቅ ነበር። አንድ የጌዶ ሽማግሌ የሰባት አያቶቹን ስም ሳያቋርጥ መጥራት ይችላል። ጉድለቱ ቆጠራው በአባት ወገን መሄዱ ነው፤ ሕመሙ ግን በእናትም በኩል እኩል ይሄዳል። የአክስትና የእናት ወንድም ልጅም እዚህ ላይ ይቆጠራል። መጠየቅ ያለባቸውም ነገሮች ሰው ሕመም ብሎ የማይጠራቸው ናቸው፤ በክረምት ወንዝ ሲሻገር የሰጠመ ዋናተኛ፣ ማታ ተኝቶ ጠዋት ያልተነሣ ሙሽራ፣ አልጋው ላይ የቀረ ጨቅላ፣ ሜዳ ላይ የወደቀ ተማሪ፣ መድኃኒት ያልሠራለት የሚጥል በሽታ ያለበት የአክስት ልጅ። የዘረ መል ምርመራ በኢትዮጵያ ለተራው ታካሚ በማይገኝበት በአሁኑ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ ምርመራ የለም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ቀብር በሞት ማግስት በሚፈጸምበትና የአስከሬን ምርመራ እምብዛም በሌለበት አገር ደግሞ የሟቹ ታሪክ የሚቀረው በዘመዶቹ አፍ ብቻ ነው።

ለምን ይታለፋል ቢባል ዋናው ምክንያት የሚጥል በሽታ ስለሚመስል ነው። ልብ ለጥቂት ሴኮንዶች ደም መርጨት ሲያቆም አንጎል ስለሚራብ እጅና እግር ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይን ይገለበጣል። በአካባቢው ያለው ሰው ክብሪት ለኩሶ ጭሱን ያሸታል፣ ውኃ ያርከፈክፋል። ልጁ ይነቃል፤ ክብሪቱ ያነቃው ይመስላል። ከዚያ ጠበል ይወሰዳል ወይም ለዓመታት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይሰጠዋል። ልዩነቱን ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። በሚጥል በሽታ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ከነቃ በኋላ ለረጅም ጊዜ ይደናገራል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ምላሱን ከጎን ነክሶ ይገኛል። በልብ ምክንያት የወደቀው ሲወድቅ ፊቱ ይገረጣል፣ መንቀጥቀጡ አጭር ነው፣ ቶሎ ይነቃል፣ ሲነቃም ያለበትን ያውቃል። ቆሞ ለረጅም ሰዓት ሲያስቀድስ ወይም ደም አይቶ ቀስ ብሎ ዓይኑ ጨልሞበት የሚወድቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለሕይወቱ አያሰጋውም። እየሮጠ፣ እየዋኘ፣ ደንግጦ ወይም ተኝቶ ሳለ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ራሱን የሳተ ግን አንድም ጊዜ ቢሆን መመርመር አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ለወደቀ ሰው ሁሉ ኢሲጂ ማንሣት በብዙ አገሮች የሕክምና መመሪያ ውስጥ የተካተተውም በዚህ ምክንያት ነው። ጠበል መሄድ ኢሲጂን አይከለክልም፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሌላው የልብ ሕመም መብዛቱ ነው። በኢትዮጵያ ልጆችንና ወጣቶችን በብዛት የሚያጠቃው የልብ ሕመም የጉሮሮ ቁስለትን ተከትሎ የሚመጣው የልብ በር ጉዳት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ከልደት ጀምሮ ያሉ የልብ ቀዳዳዎች አሉ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ የልብ ማዕከል፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅት ውጤት ሲሆን፣ ዋና ሥራውም በእነዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ በትክክለኛ ልማድ ልብን ያዳምጣል፣ አልትራሳውንድ ያዛል። በኤሌክትሪክ ሕመም ሁለቱም ደህና ይወጣሉ። ልብህ ጤነኛ ነው ተብሎ የተመለሰ ልጅ ኢሲጂው ካልታየ ገና ግማሹ ብቻ ነው የተመረመረው። ከጌዶ የሚነሣ ታካሚ መንገዱ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ጌዶ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ በነቀምት መንገድ ወደ አምቦ ሪፈራል ሆስፒታል፣ መጨረሻም አዲስ አበባ ነው። በዚህ ረጅም ጉዞ የሪፈር ወረቀቱ ላይ ራሱን ይስታል ከሚለው ጎን፣ እየሮጠ ሳለ እና የአጎቱ ልጅ በ15 ዓመቱ በድንገት ሞቷል የሚሉ ሁለት መስመሮች መጻፋቸው የምርመራውን አቅጣጫ ይለውጣል። በሽተኛው የድሮ የኢሲጂ ወረቀቱን ይዞ መሄድ አለበት፤ ኢሲጂዎችን ማነጻጸር ብዙ ይናገራልና። አንድ ደህና የሆነ ኢሲጂም ነገሩን አይዘጋውም፤ ረጅም ኪው-ቲን ከወረሱት ከአራቱ በአንዱ ገደማ ላይ በዕረፍት ጊዜ ምንም አይታይም።

ስፖርተኞች በተለይ ይታሰብባቸዋል። ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ኢሲጂ እንዲነሡ በሕግ አስገድዳለች፤ በቬኔቶ ክፍለ ሀገር በስፖርተኞች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት እስከ 2004 ባለው ጊዜ በ89 በመቶ መቀነሱ ተመዝግቧል። ምዕራብ ሸዋ በሪዮ ኦሎምፒክ የማራቶን ብር ያገኘውን ፈይሳ ሌሊሳን ከጀልዱ ያወጣ የሯጮች አገር ነው፤ በየትምህርት ቤቱና በየፕሮጀክቱ የሚሮጡት ልጆች ከመጀመሪያ ውድድራቸው በፊት ቢያንስ ስለ ቤተሰባቸው ሊጠየቁ ይገባል። ወረቀቱን የሚያነበው ሐኪም ግን ልምድ ሊኖረው ያሻል። የጠነከረ ሯጭ ልብ ዘገምተኛ ምት አለው፤ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ስፖርተኞች ላይ የሚታዩ አንዳንድ የማዕበል ለውጦችም ጤነኛ ናቸው። በስሕተት ከሩጫ መከልከልም ጉዳት ነው።

ልብ ከቆመ በኋላ ሕይወትን የሚወስኑት በቦታው ያሉ ሰዎች ናቸው። ደረቱ ካልተጫነ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። የዴንማርኩ እግር ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ጁን 12 ቀን 2021 በኮፐንሃገን ከፊንላንድ ጋር ሲጫወት ወድቆ የተረፈው ደረቱ ወዲያው በመጫኑና የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጪው መሣሪያ ሜዳው ዳር በመገኘቱ ነው። ስምንት ወር ተኩል ገደማ ከሜዳ ርቆ ደረቱ ውስጥ መሣሪያ ተቀብሮለት በ2022 መጀመሪያ ወደ ጨዋታ ተመልሷል። ጌዶ ላይ ያ መሣሪያ በየሜዳው የለም፤ እጅ ግን አለ። የወደቀው ሰው ሲጠሩትና ትከሻውን ሲነቀንቁት የማይመልስ ከሆነ፣ የማይተነፍስ ወይም አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ብቻ የሚያጣጥር ከሆነ፣ ልቡ ቆሟል ተብሎ ይወሰዳል። ያ ማጣጣር ትንፋሽ አይደለም፤ ይተነፍሳል ብለው በመጠበቅ ብዙዎች ጊዜ አባክነዋል። ሰውየው በጀርባው ጠንካራ መሬት ላይ ይደረጋል፤ የአንድ እጅ መዳፍ ተረከዝ የደረት አጥንት መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው እጅ ከላይ ይደረብበታል። ክርን ሳይታጠፍ፣ በሰውነት ክብደት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እየተጫኑ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይቀጠላል፤ በእያንዳንዱ ጭነት መካከል ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲነሣ ይለቀቃል። የሚጫነው ሰው በሁለት ደቂቃ ይደክማልና ሌላው ይተካዋል። ሌላ ሰው ደግሞ በ907 ቀይ መስቀልን ወይም የወረዳውን አምቡላንስ ይጠራል። ክብሪት ማሸተት፣ አፍ ውስጥ ውኃ ማድረግ፣ ማንኪያ ጥርስ መሐል ማስገባት አይረዱም፤ ውኃው እንዲያውም ሊያንቅ ይችላል።

ሕመሙ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ሕክምና አለ፤ ለብዙዎቹም ርካሽ ነው። ፕሮፕራኖሎል ልብ ለአድሬናሊን የሚሰጠውን ምላሽ የሚያበርድ እንክብል ነው። በ1960ዎቹ ከወጣ ጀምሮ በየፋርማሲው ይገኛል፤ ለፈጠረው ለጄምስ ብላክ የ1988ን የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በረጅም ኪው-ቲ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓይነት፣ እና በእንቅስቃሴ በሚነሣው ሕመም አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉት። አንደኛው በየቀኑ መወሰዱ ነው፤ ድኛለሁ ብሎ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ሁለተኛው በሌላ አለመለወጡ ነው። አቴኖሎል እና ሜቶፕሮሎል የአንድ ዘር መድኃኒቶች ቢሆኑም ለዚህ ሕመም እንደ ፕሮፕራኖሎልና ናዶሎል አያስተማምኑም፤ ፋርማሲው ፕሮፕራኖሎል አልቋል ብሎ ሌላ ቢሰጥ ሐኪም ሳይጠየቅ መቀበል አይገባም። አስም ያለበት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

መድኃኒት ብቻውን ለማይበቃው ታማሚ ደረት ውስጥ የሚቀበር፣ ምቱ ሲዛባ ራሱ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ አለ። መጀመሪያ የተገጠመው በ1980 በአሜሪካ ባልቲሞር ሲሆን የፈጠረው ሚሼል ሚሮውስኪ ነው። ዋጋው ለአንድ የጌዶ ገበሬ የሚታሰብ አይደለም፤ ባትሪውም ከዓመታት በኋላ መለወጥ ይፈልጋል። ስለዚህ በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅም ኪው-ቲ ታማሚ ላይ የተሞከረው፣ ከግራ የአንገትና የደረት ክፍል ወደ ልብ የሚሄዱ ነርቮችን የሚቆርጠው ቀዶ ሕክምና እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ባትሪ የለው፣ የሚለወጥ ዕቃ የለው።

ከሕክምናው እኩል የሚከብደው ጎጂ መድኃኒትን መሸሽ ነው። ኪው-ቲን የሚያረዝሙ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ተራ ናቸው፤ ለጉሮሮና ለሳንባ የሚሰጡት ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን፣ ለሽንትና ለሆድ የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል። ተቅማጥና ትውከትም ፖታሲየምን ከሰውነት አጥበው ያንኑ ያደርጋሉ፤ ሕመሙ ያለበት ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ኦ.አር.ኤስ ቶሎ መጀመር አለበት። መድኃኒት የተለማመደ ቲቢ ያለባቸው ሰዎች በሚወስዱት ሕክምና ውስጥም ኪው-ቲን የሚያረዝሙ አሉ። ኢትዮጵያ በተሳተፈችበትና በ2019 ውጤቱ በታተመው ስትሪም በተባለው ጥናት አጭሩን ሕክምና ከወሰዱት 11 በመቶ ያህሉ፣ ረጅሙን ከወሰዱት 6.4 በመቶ ያህሉ ኪው-ቲያቸው 500 ደርሷል። በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ኢሲጂ በየጊዜው ማንሣት ልማድ ሆኗል። ካሬ መቁጠርን የለመዱ እጆች በኢትዮጵያ አሉ ማለት ነው፤ የቀረው ልማዱ ከቲቢ ክፍል ወጥቶ ወደ ተመላላሽና ወደ ድንገተኛ ክፍል መግባቱ ነው።

አንድ ሰው ሕመሙ ሲገኝበት ምርመራው በእሱ አያበቃም። ወላጆቹ፣ ወንድሞቹ፣ እህቶቹና ልጆቹ ሁሉ፣ ደህና ነን ቢሉም፣ ኢሲጂ ይነሣሉ፤ ካንዳቸው ላይ ከተገኘ ደግሞ የዚያ ሰው ልጆች ይቀጥላሉ። ልጅ በድንገት በሞተበት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ከአርባው በፊት ሐዘንተኞችን ሐኪም ቤት መውሰድ ከባድ ቢሆንም የቀሩትን ልጆች ወረፋ ማስያዝ የአንድ ቅርብ ዘመድ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሥራ ሊሆን ይችላል። የተገኘበት ሰው የሕመሙን ስም፣ የሚወስደውን እንክብልና መውሰድ የማይገባውን የመድኃኒት ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ አጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይይዛል፤ ልጅ ከሆነ ቅጂው ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ይሰጣል።